ስለ ሰሚ ጆሮና ስለ ዝም ባይ አንደበት

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ማለቱ ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን ነገር ከሁሉ በኋላ የሚሰማ መሆኑን ለማመልከት ነው። ነገር ግን ራዲዮ የሚባለው መሣሪያ ከተፈጠረ ወዲህ ምሳሌው ሌላ ፍች ሳይጨመርለት አልቀረም። ዛሬ አንድ ሰው በመኪናው ውስጥ ሆኖ ለባልደረባው የሚናገረውን ቃል፥ ከቶ አይቶት የማያውቅ ሌላ ሰው በቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ሊሰማው ይችላል። ተናጋሪው ሰሚውን አያውቅም፤ ሰሚው ግን የተናጋሪውን ድምፅ ከመለየት አልፎ መድከሙንና መናደዱን፥ መፍራቱንና መሳቁን ሳይቀር ያውቅበታል። እኛም ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው እንደዚህ ስላለው ሰሚ ነው፤ ይኸውም ለደመወዝ ሳይሆን ለጊዜ ማሳለፊያ ሲል የፖሊሶችን፥ ይልቁንም የወታደራዊ ፖሊሶችን የራዲዮ ንግግር እየፈለገ ስለሚያዳምጥ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው በአሜሪካ አገር ነው። በ1928 ዓ.ም. የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ ለዘበኞቹ መኪናዎች በራዲዮ ትእዛዝ ማስተላለፍ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የፖሊስ ሞገድ ዜናና ዘፈን ከሚተላለፍበት ሞገድ ብዙ የራቀ ስላልነበረ፥ በ1930ዎቹ ዓመታት በየቤቱ ይሸጡ ከነበሩት ራዲዮኖች በብዙዎቹ ላይ የፖሊስ ጥሪ የሚሰማበት ስፍራ ተጽፎ ይገኝ ነበር። የቤቱ ጌታ ከእራት በኋላ መርፌውን ጥቂት ገፋ ያደረገ እንደ ሆነ፥ የት መንገድ ላይ ጠብ እንደ ተነሣና በየትኛው ሱቅ ሌባ እንደ ገባ ይሰማል። ስለዚህ ማዳመጡ በስውር የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ራዲዮኑን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በሩን ከፍተው ያሳዩት ነው።

ከዚያ በኋላ ፖሊሶቹ ከፍ ወዳለ ሞገድ ሲሸሹ፥ አዳማጮቹም ተከተሉአቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ስካነር» የተባለው መሣሪያ ለገበያ ወጣ። የዚህ መሣሪያ ብልሃት በሰው እጅ መዞርን የማይፈልግ መሆኑ ነው፤ የተሰጡትን ሞገዶች አንድ በአንድ ራሱ እየጐበኘ ያልፋል፤ ንግግር ያገኘ እንደ ሆነ ይቆማል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ጉዞውን ይቀጥላል። በመጀመሪያ ለያንዳንዱ ሞገድ ልዩ ክሪስታል እየተገዛ በውስጡ ይተከል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ገደማ ግን ቁጥሩን በጣት በመጫን ብቻ የፈለጉትን ሞገድ የሚይዙ ዓይነቶች ተሠሩ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን በኮምፒዩተር ለማየት የተሠራች፥ ዋጋዋ ከ20 ዶላር ብዙ የማይበልጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ፥ ሰፊ የሞገድ ክልል ለመስማት እንደምትችል ታወቀ። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ የማዳመጥን ነገር ድህነት እንኳ የሚከለክለው አልሆነም።

የአሜሪካ የጦር ሠራዊት ፖሊስ ክፍል ራሱን የቻለ ቋሚ ክፍል ሆኖ የተቋቋመው በመስከረም ወር 1941 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ በክንዱ ላይ ባለው ጽሑፍ «ኤም ፒ» እያለ ይጠራዋል። በጦርነት ጊዜ የወታደሩን ጉዞ በየመንገዱ ያስተናብራል፤ ምርኮኛ ይጠብቃል። በሰላም ጊዜ ግን ሥራው የከተማ ፖሊስ ሥራ ነው። አንድ ታላቅ የጦር ሰፈር ማለት ትምህርት ቤት፥ ሆስፒታል፥ ገበያ፥ ቤተ ክርስቲያንና የባለትዳሮች መኖሪያ ያለበት ከተማ ስለ ሆነ፥ በከተማ የሚደርሰው ሁሉ በዚያም ይደርሳል። ስለዚህ የወታደራዊ ፖሊስን ራዲዮ ያልሰማ ሰው የጦር ምስጢር የሚነገርበት ይመስለዋል፤ የሰማው ግን ቁልፉን በመኪናው ውስጥ ዘግቶ ስለ ወጣ የሃምሳ አለቃ፥ ሌሊት ያለ ምክንያት ስለሚጮኽ የመጋዘን ደወል፥ በበሩ ላይ የይለፍ ወረቀት ስላጣ እንግዳ፥ መጠጥ ስላሸነፈው ወጣት ወታደር ሲነጋገሩ ያገኛቸዋል።

እኛም ይህን በጆሮአችን የሰማነው በ2002 ዓ.ም. ክረምት፥ በቨርጂንያ ግዛት፥ ከአንድ የጦር ሰፈር ብዙ በማይርቅ ስፍራ በሚኖሩ ባንድ ያገራችን ሰው ቤት በእንግድነት ባደርንበት ጊዜ ነው። ሰውየው በወጣትነታቸው በአገራችን ጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ያገለገሉ ስለ ነበሩ፥ የራዲዮ ፍቅር ከደማቸው አልወጣም። በመኝታ ቤታቸው ጥግ ስካነራቸውን አስቀምጠው፥ በአጠገቡም የሰሙትን ሞገድና ሰዓት የሚመዘግቡበት ወፍራም ደብተር ነበራቸው። በደብተሩ ላይ የሞገዱ ቁጥር፥ የጥሪው ስምና የድምፁ ጥራት ተጽፎአል፤ የተነገረው ነገር ግን አንድም ስፍራ አልተጻፈም። ይህን አይተን ተገረምን።

ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ በወታደራዊ ፖሊሶቹ ሞገድ ላይ አንዲት ሴት ባልዋ እንደ መታት ስለ ማመልከትዋ ተነገረ። ጥሪውን የሚያስተላልፈው ወታደር የቤቱን ቁጥር፥ ቀጥሎም የባልየውን ማዕርግና ስም መናገር ሲጀምር፥ ጌታው እጃቸውን ዘርግተው ድምፁን አጠፉት። እኛም ነገሩ ልባችንን ይዞት ስለ ነበረ፥ «ጋሼ፥ ለምን አጠፉት? ሴትዮዋ ምን እንደምትሆን እንስማ እንጂ» አልናቸው። እሳቸውም ፈገግ ሳይሉ፥ «ልጄ፥ እኔ ብሰማ የሚደርስላት እኔ ነኝ? የሚደርሱላት ሰምተዋል። ነገ ገበያ ሄጄ ባልየውን ባገኘው ምን ዓይን አለኝ?» አሉን። ከጥቂት ጊዜም በኋላ፥ «እኔ የምወደው ሞገዱን ነው፤ የሰውን ገመና አይደለም» ብለው ወደ ሌላ ሞገድ አዞሩት።

ይህ የሳቸው ንግግር ብዙ ዓመት በሐሳባችን ሲመላለስ ኖሮአል። ምክንያቱም በአሜሪካ ሕግ ዘንድ ቢሰሙ ኖሮ ጥፋት አልነበረባቸውም። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ሕግ፥ ሰው ለርሱ ያልተላከውን የራዲዮ ንግግር ጠልፎ ለሌላ እንዳያወራና ለራሱ ጥቅም እንዳያውለው ይከለክላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ለሕዝብ በቀላሉ ሊሰማ የሚችለውን የመንግሥትንና የፖሊስን የራዲዮ ንግግር ማዳመጥ ወንጀል እንዳይሆን ለይቶታል። እንደ ኒውዮርክ፥ እንደ ፍሎሪዳና እንደ ኬንታኪ ያሉ አንዳንድ ግዛቶች ግን ስካነርን በመኪና ይዞ መዞርን የሚመለከት ልዩ ልዩ ክልከላ አላቸው። እንግሊዝ አገር የሄድን እንደ ሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ለራስ ያልተላከን ንግግር ሆን ብሎ ማዳመጥ ራሱ በ2006 ዓ.ም. በወጣው የራዲዮ ሕግ የተከለከለ ነው። እንግዲህ ባንዱ አገር አየሩ እንደ አደባባይ፥ በሌላው አገር እንደ ሰው ግቢ ተቈጥሮአል ማለት ነው። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም መስማትና ማውራት አንድ አለመሆናቸው ነው።

ማዳመጥ የሥራ ፈት ነገር ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ታሪክ ይመልስለታል። በ1928 ዓ.ም. የጄኔራል ኖቢሌ «ኢታልያ» የተባለች የአየር መርከብ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ በወደቀች ጊዜ፥ ከአደጋው የተረፉት ሰዎች በትንሽ ራዲዮ የሚያሰሙትን የድረሱልን ጥሪ የሚሰማላቸው አጥተው ብዙ ቀን ቈይተው ነበር። በሰኔ ወር 3 ቀን ጥሪውን የሰማው ኒኮላይ ሽሚት የተባለ፥ በሩስያ ገጠር የሚኖር፥ በገዛ እጁ በሠራው መሣሪያ የሚያዳምጥ ወጣት ነው። ወሬው ለመንግሥት ከደረሰ በኋላ ፍለጋው ተቃና፤ «ክራሲን» የምትባለው የበረዶ ሰባሪ መርከብ በሐምሌ ወር 12 ቀን ከበረዶው ላይ የቀሩትን ሰዎች አነሣች።

ከዚህም ይልቅ የሚደነቅ ነገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ተደርጎአል። መንግሥቱ በ1939 ዓ.ም. በአገሩ ውስጥ ተሸሽገው በራዲዮ ወሬ የሚያቀብሉ የጀርመን ሰላዮች አሉ ብሎ ስለ ሠጋ፥ ራዲዮ ማዳመጥ የሚወዱትን ሰዎች በፈቃዳቸው መለመለ። ቁጥራቸው 1,500 ያህል ደረሰ። እነዚህ ሰዎች ቀን ሥራቸውን ሲሠሩ ውለው፥ ማታ በየቤታቸው ማዳመጫቸውን በጆሮአቸው አድርገው፥ የሚሰሙትን የሞርስ ፊደል እየጻፉ በፖስታ ይልኩ ነበር። የሚጽፉት ፊደል ትርጕም የሌለው የምስጢር ጽሕፈት ስለ ሆነ፥ ምን እንደ ላኩ እነሱም አያውቁም። የተጠረጠሩት የአገር ውስጥ ሰላዮች አልተገኙም፤ ነገር ግን የጀርመን የስለላ መሥሪያ ቤት በመላው አውሮፓ የሚጻጻፈው ነገር ተገኘ፤ ኋላም ተፈታ። የነዚህ አዳማጮች ሥራ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለሕዝብ አልተገለጸም። ብዙዎቹ ለሚስቶቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ቈይተዋል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌ እንደነዚህ ላሉት ሰዎች የተነገረ ይመስላል።

በዘመናችንም እንዲሁ ነው። በ2022 ዓ.ም. የሩስያ ጦር ዩክሬንን በወረረ ጊዜ፥ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ባልተቈለፈ ራዲዮ ይነጋገሩ ስለ ነበረ፥ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ አዳማጮች ንግግራቸውን ቀድተው አስቀመጡ። በመጋቢት ወር በኪየቭ አጠገብ ስላለችው ስለ ማካሪቭ ከተማ ውጊያ የተቀዳው ድምፅ በአሜሪካ ጋዜጣ ተመርምሮ ታትሞአል። በዚህ ጊዜ አዳማጩ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ምስክርነት ደግሞ ወሬ ከማመላለስ የተለየ ማዕርግ አለው፤ ምስክር የሰማውን መዝኖ፥ ጊዜውንና ስፍራውን ለይቶ፥ ለሚገባው ሰው ያስረክባል።

የማይመዝነው ሰሚ ግን ምን እንደሚያደርስ በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ታየ። በሩጫው ውድድር ላይ ፈንጂ ያፈነዱት ሰዎች በሚታደኑበት ሌሊት እጅግ ብዙ ሕዝብ የፖሊሱን ራዲዮ በኢንተርኔት ያዳምጥ ነበር። ያዳመጠውም ሁሉ የሰማውን ወዲያው ይጽፍ ስለ ነበረ፥ ፖሊሱ የሚፈተሹትን ቤቶች ስፍራ አታውሩብን፥ የባልደረቦቻችን ሕይወት በአደጋ ላይ ይወድቃል ብሎ ሕዝቡን እስከ መለመን ደረሰ። በዚያው ሌሊት ጠፍቶ ይፈለግ የነበረ የአንድ ተማሪ ስም በፖሊስ ራዲዮ እንደ ወንጀለኛ ተጠርቶአል ተብሎ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ልጁ በነገሩ ውስጥ ከቶ አልነበረበትም፤ ኋላም ሞቶ ተገኘ። ወላጆቹ ልጃቸውን በማጣት ሐዘን ላይ ሳሉ ያልሠራው ወንጀል ተጨመረባቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ ማስተባበያው ወሬውን ሮጦ አልደረሰበትም።

በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወርም በፍሎሪዳ የሚኖሩ ባልና ሚስት፥ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች ከባልደረቦቻቸው ጋር በተንቀሳቃሽ ስልክ የተነጋገሩትን በስካነር ሰምተው ቀዱት። ቴፑ ከአንድ የምክር ቤት አባል እጅ ገብቶ በጋዜጣ ወጣ፤ ባልና ሚስቱም ጥፋታቸውን አምነው እያንዳንዳቸው 500 ዶላር ተቀጡ። ፖለቲከኛ የተናገረውን ሕዝብ ማወቁ ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። ሆኖም ያው መሣሪያ የአፈ ጉባኤውን ንግግር እንደሚይዝ ሁሉ የበሽተኛውንና የሐኪሙን፥ የእናትንና የልጅዋንም ንግግር ይይዛል። መሣሪያው በማንና በማን መካከል እንደ ገባ አይለይም፤ የሚለየው የሰው ኅሊና ብቻ ነው።

አሁን ግን የአዳማጩ ዘመን ወደ ማለቁ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በየሰፈሩ አዲስ የራዲዮ ሥርዐት ሲተክል፥ ከ380 እስከ 399.9 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ክልል ያዘ። ከዚያ በፊት በዚሁ ሞገድ ላይ በየሰዉ ቤት ያለው የመኪና ቤት በር መክፈቻ ያለ ፈቃድ ይሠራ ነበር። ስለዚህ በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. በጦር ሰፈሮች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ከሥራ ሲመለሱ በሮቻቸው አልከፈት አሏቸው። ሞገዱ በሕግ የጦሩ ስለ ነበረ ሰዎቹ መክፈቻቸውን ከመለወጥ በቀር አቤት የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም። አዲሱ ራዲዮ ንግግሩን ወደ ቁጥር ለውጦ የሚያስተላልፍ ከመሆኑም በላይ፥ በምስጢር ቁልፍ ሊዘጋ ይችላል። አዳማጩ የዲጂታል ስካነር ገዝቶ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ይመልስ ይሆናል፤ ቁልፉ የተዘጋበትን ግን ምንም ቢደክም አይሰማውም። የሚያገኘው ዝምታ ወይም ትርጕም የሌለው ጩኸት ነው።

የከተማ ፖሊሶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የቺካጎ ፖሊስ በ2022 ዓ.ም. ሞገዱን ሲዘጋ፥ ሕዝቡ ንግግሩን ከ30 ደቂቃ በኋላ እንዲሰማ አደረገ። የኒውዮርክ ፖሊስ በ2023 ዓ.ም. መዝጋት ጀመረ። ጋዜጠኞች ይህን በመቃወም ፖሊስ ሲያጠፋ ማን ይሰማዋል ይላሉ። ፖሊሶቹ ደግሞ ወንጀለኛው እየሰማን እንዴት እንይዘዋለን፥ የተበደለውስ ሰው ስም ለምን በአየር ይበተናል ብለው ይመልሳሉ።

እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱንም ወገን በቅን ልብ ስንመዝን፥ ያች በቨርጂንያ ሌሊት የሰማናት ሴት ትታወሰናለች። ሞገዱ ያን ጊዜ ተቈልፎ ቢሆን ኖሮ ስምዋ ከበዳዩ ስም ጋር በማያውቃት ሰው ጆሮ ባልገባ ነበር። ስለዚህ መቈለፉ ለርስዋ ጋሻ ነው። ነገር ግን ወታደራዊ ፖሊሶቹ የባልየውን ማዕርግ ፈርተው ሳይደርሱላት ቀርተው ቢሆንስ? በተቈለፈ ሞገድ ላይ ይህን የሚያውቅ ከራሳቸው በቀር ማን ይኖራል? እንግዲህ ያው ቁልፍ ገመናን እንደሚሸፍን በደልንም ይሸፍናል። በኛ አስተያየት፥ የሰው ስምና ቤት የሚነገርበት ሞገድ መዘጋቱ የተገባ ነው፤ የተነገረው ሁሉ ግን ተቀድቶ ተጠብቆ፥ የተበደለ ሰው ወይም ዳኛ በጠየቀ ጊዜ የሚቀርብ መሆን አለበት። ቈልፎ መዝገቡን ያልጠበቀ ሹም ሌላውን ከመስማት ከለከለ እንጂ ምስጢር ጠበቀ አይባልም።

ስለ ማዳመጥ ስንናገር የአስመራውን የቃኘው ጣቢያ ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ከ1943 እስከ 1977 ዓ.ም. በዚያ ሲያዳምጥ ኖሮአል፤ ስሙም በኮርያ ከተዋጋው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ የተወረሰ ነው። ስፍራው ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለና ለራዲዮ መቀበያ የተመቸ በመሆኑ፥ በ1953 ዓ.ም. ውል ተፈርሞበት ብዙ ሺሕ አሜሪካውያን ይኖሩበት ነበር። መንግሥት የሚያዳምጠው ለሥልጣኑና ለደኅንነቱ ሲል ነው፤ የሰማውንም ይሠራበታል። በቤቱ የሚያዳምጠው ሰው ግን ሥልጣን የለውም። ሥልጣን ስለ ሌለውም ክብሩ የሚለካው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሊናገረው ሲችል በተወው ነገር ነው።

ይህን ያነበበ ሰው፥ እኔ ስካነር የለኝም፥ ነገሩ አይመለከተኝም ቢል ግን ተሳስቶአል። በመሥሪያ ቤት ያለው ሹም የባለ ጉዳዩን ፋይል ሲያገላብጥ የባልና የሚስትን ጠብ፥ የወንድማማችን ክስ ያነባል። መምህሩ በተማሪው ደብተር ጠርዝ ላይ የቤቱን ረኃብ ያገኛል። ተማሪው በመኝታ ቤት የጓደኛውን ልቅሶ በጨለማ ይሰማል። ይህ ሁሉ ለኛ ሳይላክ ከኛ ዘንድ የደረሰ ንግግር ነው። መስማቱን ልንከለክለው አንችል ይሆናል፤ ጆሮ እንደ ዓይን መዝጊያ ቆብ አልተሠራለትምና። ከሰማን በኋላ የሚቀርብልን ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይህን ሰው ልረዳው እችላለሁን? የምንረዳው ከሆነ እንደ ሽሚት ፈጥነን ለሚያደርስለት ሰው እንናገር፤ የማንረዳው ከሆነ እንደ ጌታው እጃችንን ዘርግተን ድምፁን እናጥፋ። በዚህ ጊዜ ያልተናገርነው ነገር በደብተራችን ላይ ባይመዘገብም፥ ያ ሰው በማግሥቱ በገበያ ሲያገኘን ቀና ብሎ ሰላም ሊለን ይችላል።